ማኅተም ያለበት ወረቀት

ለየሺሀረግ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እናቷ ያወጣችላትን ማለቴ አይደለም፤ ሰፈሩ የሚጠራትን ነው። «ሰዓት» አልኳት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ተጠራች። አሁን ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ሁሉ «ምስኪን» ብሎ ስለሚጀምር፣ እኔ ከዚህ ልጀምር ብዬ ነው።

ሰፈራችን ከአሶሳ ከተማ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው። ደርግ ወላጆቻችንን ከወሎ አንስቶ እዚህ ሲያራግፋቸው ለየመንደሩ ስም እስኪያወጣ ጊዜ አልነበረውም መሰለኝ፣ አምባ ብሎ ቁጥር ለጠፈበት። ቁጥሩን ልተወው፤ የሚያውቀን ያውቀናል። እንዲህ ባለ ሰፈር ለሰው ቅጽል ስም ማውጣት እንደ ሥራ ይቆጠራል፤ እኔ ደግሞ ጎበዝ ሠራተኛ ነበርኩ።

የሺ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ልቧ ታመመ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን በየጊዜው ሲያማት «ሎሚ በማር ላሺ» እየተባለች ያደገች ልጅ ናት፤ በሽታው ውሎ አድሮ የልቧን በር በልቶት ኖሯል። አዲስ አበባ ወስደው ደረቷን ከፈቱና የተበላውን አውጥተው በምትኩ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገጠሙላት። ሁለት ትንንሽ ክዳኖች ያሉት ነገር ነው፤ ደም ሲመጣ ይከፈታሉ፣ ሲያልፍ ይዘጋሉ። ሲዘጉ ድምፅ አላቸው። የተመለሰች ለት ሰፈሩ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ሊላት ተሰብስቦ፣ ቄሱ ጸሎት ሊያደርሱ ሁላችንም ጸጥ ስንል፣ ከደረቷ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ተሰማ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ «ምነው፣ ልቧን አስቀርተው ሰዓት ገጥመው ላኩልን እንዴ?» አልኩ። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ግን ነጠላዋን ሰብስባ ደረቷ ላይ ስትደራርበው አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊ ሆነች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ የተቀደደ ትጥፋለች፤ እጇ ፈጣን ነው። ለምን ስፌት እንደመረጠች አንድ ቀን ሱሪዬን ላሳጥር ስሄድ ጠየቅኋት። «መኪናው ሲሮጥ ልቤን ማንም አይሰማውም» አለችኝ። ቅዳሴ የምታስቀድሰውም ከውጭ ዛፍ ሥር ቆማ ነበር። ልጆች ከኋላዋ እየተከተሉ «የሺ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይሏታል። አፍ አታጣም፤ «እናትህ የምትገርፍህ ሰዓት!» ትላለች። እነሱ ሲስቁ እሷም ትስቃለች። ሳቋን አይቼ ስሙ ደስ የሚላት ይመስለኝ ነበር። እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ጌትነት አገባት። ጌትነት ጉባ፣ ግድቡ ላይ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ በሁለት ወር አንዴ ለአምስት ቀን ይመጣል። ለአምስት ቀን ደግሞ ሰው የማይችለው ነገር የለም። ባለፈው ግንቦት ሥራው አለቀና ጓዙን ጠቅልሎ ገባ። ሁለተኛ ሳምንቱ ላይ ትራሱን ይዞ ከግቢው ማዶ ወዳለው የእናቱ ቤት ተሻገረ። «እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ በር ከሚያንኳኳ ሰው ጋር መተኛት ነው» ብሎ ጠላ ቤት ውስጥ ሲያወራ፣ «እንዲያውም ቀስቃሽ ሳትፈልግ ትነሳለህ» ብዬ ያሳቅሁት እኔው ነኝ። ወሬው ሳይነጋ እሷ ጋ ደርሷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሺ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ያ ትራስ እንዲመለስላት።

እናቱ እማማ ብዙወርቅ የመድኃኔዓለም ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ናቸው። ቆፍጣና፣ ጓሯቸው የማይነጥፍ፣ ቃላቸው የማይመለስ ሴት ናቸው። ሐምሌ ላይ መፍትሔ አገኙ። «ከእንግዲህ ከእኔ ማዕድ ብቻ ብዪ። ፍልሰታን አብረን እንጹማት። እመቤታችን ይህን ጠቅ ጠቅ ከደረትሽ ታወጣልሻለች» አሏት። ክረምት ነው፤ ጓሮው በጎመን ተጨናንቋል። ቀን ጎመን፣ ማታ ጎመን፣ ጾሙ ሲገባ ከቅዳሴ መልስም ጎመን። የሺ ስታንገራግር «ጎመን በጤና ነው እኮ የሚባለው! ከዚህ ወዲያ መድኃኒት አለ?» ይሏታል።

የሺ ግን ታውቅ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች እንደ ውዳሴ ማርያም አስጠንተው ነው የላኳት። ሰው ሠራሽ ነገር ላይ ደም መርጋት ይወዳል፤ እንዳይረጋ በየቀኑ ኪኒን ትውጣለች። ጎመን ደግሞ ሲበዛ ኪኒኑን ያሸንፈዋል። «እንደ ወትሮሽ ብዪ፣ ድንገት አታብዢ» ብለዋታል። እኔም አውቃለሁ፤ የተማርኩት ነው። ግን ባሏ በሌላ ቤት ለሚያድርባት ሴት የአዲስ አበባ ሐኪም ሩቅ ነው፣ አማት ቅርብ ናት። በላች።

በጾሙ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ስትነቃ ደረቷ ዝም ብሏል።

መጀመሪያ የሞተች መስሏት ነበር፤ በኋላ እየሳቀች ነግራኛለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ልቧ ይመታል፣ ድምፁ ግን የለም። ጌትነትን ጠራችው። ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጥፎ ቆየና ቀና ብሎ «የለም!» አለ። እማማ ብዙወርቅ ከማዶ ሆነው እልልታቸውን አቀለጡት። በዚያው ቀን ትራሱ ተመለሰ።

እኔ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የራጅና የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። ነሐሴ ሃያ አካባቢ ነው የመጣችው። ታምሜያለሁ ብላ አይደለም። እማማ ብዙወርቅ «ተአምሩ በመሣሪያ ይረጋገጥና በማኅበሩ ይነበብ» ብለው ልከዋት ነው። ደጄ ላይ ነፍሰ ጡሮች አግዳሚ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ የሰፈሬ ልጅ ስለሆነች ከመሀል አስገባኋት።

«ደሜ፣ ዝም አለ እኮ!» አለችኝ ስሜን አቆላምጣ፣ አልጋው ላይ እየወጣች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«እንግዲያው ስም ልንቀይርልሽ ነው» አልኳት።

ሳቀች። «ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል እንጂ ሌላ የለብኝም» አለች።

«የጾሙ ድካም ነው» አልኳት። በቃ። ይህን ነው ያልኳት።

መሣሪያውን ደረቷ ላይ አድርጌ አየሁ። ቫልቩ ከደረት በኩል በአልትራሳውንድ ሲታይ ያበራል፤ ከኋላው ደግሞ ጥቁር ጥላ ይጥላል። በጥላው ውስጥ የደም ቋጠሮ ይኑር ዝሆን ይተኛ አይታይም። የደሙን ፍጥነት መለካት፣ ከቀዶ ጥገናው ጊዜ ወረቀቷ ጋር ማስተያየት፣ ከሁሉም በፊት ሐኪም መጥራት ነበረብኝ። ትምህርት ቤት የተነገረን አንድ ነገር ነበር፤ የሚጮህ ቫልቭ ዝም ካለ ተጣድፋችሁ ተነሡ። ስምንት ዓመት በዚያ ድምፅ የቀለድኩ ሰው፣ ራሷ «ዝም አለ» ስትለኝ ቀለድኩ። ደጅ ያሉት ሴቶች እያጉረመረሙ ነበር፤ እኔም ምሳዬ ርቆኝ ነበር።

በእንግሊዝኛ «ጥላ ስላለ በደንብ አይታይም፣ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል» የሚል ጻፍኩ። ይህ ለሐኪም የሚጻፍ ነው፤ እሷን የላካት ሐኪም ግን የለም።

«ደሜ፣ በአማርኛ ጻፍልኝ እንጂ። መሪጌታ ናቸው የሚያነቡት» አለችኝ።

ከሥሩ በትልልቁ «ልቧ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ወረቀት ካየች ሳትመታ አታልፍም፤ ክቡን ማኅተም አሳረፈችበት።

ነሐሴ ሃያ ሰባት በማኅበሩ ተነበበ። መሪጌታ አበጀ መነጽራቸውን አድርገው እንግሊዝኛውን ዘለው «ልቧ ደህና ነው» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ሴቶቹ እልል አሉ። የሺ ከእማማ ብዙወርቅ ጎን፣ ከቤት ውስጥ፣ ከመሀል ተቀምጣለች፤ ከስምንት ዓመት በኋላ መጀመሪያዋ ነው። እኔን «የመድኃኔዓለም ምስክር» አሉኝና ጽዋውን አቀበሉኝ። ጠጣሁ። የጠላው ጣዕም እስካሁን አፌ ላይ አለ፤ ጥሩ ጠላ ነበር።

መስከረም ስድስት ጌትነት ደግፎ ሆስፒታል አመጣት። እግሯ አብጧል። መጋደም አልቻለችም፤ ስትጋደም ውኃ ውስጥ እንደሰመጠ ሰው ትታፈናለች። የተረኛው ሐኪም ዶክተር ሙንታሲር ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ የበርታ ተወላጅ፣ ሐኪም ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ እኔን አስጠራኝ።

«ና ስማ» አለኝ ማዳመጫውን እያቀበለኝ።

ሰማሁ። የልብ ምት አለ፤ እንደ ራቀ እርምጃ የታፈነ ነው። ያ ጥርት ያለ ጠቅታ የለም። እኔ ያንን ድምፅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

«ወላሂ፣ ይሄ ቫልቭ ተይዟል» አለ። «በአልትራሳውንድ ጥላው ያስቸግረናል። ሲንቀሳቀስ በራጅ እንየው። የአጥንት ሐኪሞቹ ሲ-አርም የታለ?»

ሲ-አርም አጥንት ሲጠገን በቀጥታ የሚያሳይ የራጅ ማሽን ነው፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው ያለው። ቀና አድርገን አስደግፈናት ማሽኑን አዙሬ አዙሬ ቫልቩን በጎኑ አገኘሁት። ጤነኛ ሲሆን ሁለቱ ክዳኖች ሁለት ቀጫጭን መስመር ሆነው በእያንዳንዱ ምት ሲከፈቱና ሲዘጉ ይታያሉ። የየሺ አንደኛው መስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለተኛው ትንሽ ይነሣና ይመለሳል፣ ይነሣና ይመለሳል።

«ያ የኔ ነው?» አለች ስክሪኑን እያየች። «እንዴት ያምራል።»

ሙንታሲር በስልኩ ቀርጾ አዲስ አበባ ላከው። መልሱ በግማሽ ሰዓት መጣ፤ ነገ በአውሮፕላን አምጧት፣ በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ነው አሉ። የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት እኛ ጋ የለም፤ እስከዚያው የረጋው እንዳይብስ የሚያደርግ መርፌ ጀመረላት። ለነገ ጠዋት ከአንድ አስታማሚ ጋር የአውሮፕላን ቦታ ተገኘ።

ጌትነት ሁሉንም ቆሞ ሰማ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። «ዶክተር፣ ከዳነች ያ ድምፅ ይመለሳል?»

ሙንታሲር ልጅ ነው፤ የሚያስደስት መልስ የሰጠው መስሎታል። «ኢንሻአላህ ይመለሳል! የመዳኗ ምልክት እሱ ነው።»

የሺ ባሏን አየችው። እሱ ወለሉን አየ። «እንግዲህ ልብስሽን ላምጣ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አምቡላንሱ ቆሞ ጠበቀ። የጌትነት ስልክ ዝግ ነው። «እኔ አብሬሽ ልሂድ» አልኳት። «ከሌላ ወንድ ጋር ከተማ ሄደች እንዲሉኝ ነው? ይመጣል፤ ትንሽ እንጠብቀው» አለች። አውሮፕላኑ ከሆስፒታሉ ጣሪያ በላይ ሲያልፍ ሁላችንም ቀና ብለን አየነው።

ወደ አራት ሰዓት ላይ መጣ። እናቱና ሁለት የማኅበር ሴቶች ተከትለውታል። ልብስ አልያዘም። እማማ ብዙወርቅ ከመቀነታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና ሙንታሲር ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

«ይኸው ማኅተም አለበት፣ ፊርማ አለበት። ልቧ ደህና ነው ይላል። የጻፈውም ይኸው ቆሟል። እናንተ ደግሞ መድኃኔዓለም ያወጣውን ድምፅ ልትመልሱባት ነው!»

ሙንታሲር አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ። ጌትነት አየኝ። የሺ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ አየችኝ።

«ደሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያኔ ያየኸው ነው ልክ፣ ትናንት ያየኸው?»

ይህችን ጥያቄ ስንት ጊዜ መልሻታለሁ መሰላችሁ፤ በኋላ፣ ብቻዬን ስሆን። «ያኔ ምንም አላየሁም፤ ዋሽቼ ነው የጻፍኩት» ማለት ነበረብኝ። አምስት ቃል፣ ስድስት ቃል ቢሆን ነው። ሥራዬ ታሰበኝ። ማኅበሩ፣ ጽዋው፣ «ምስክር» ያሉኝ ታሰበኝ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም፣ ስም ማውጣት የምችል ሰው ነኝና።

«ሁለቱም ልክ ነው» አልኩ። «ያኔ ደህና ነበር። አሁን ትንሽ ተቀይሯል።»

«ትንሽ?» አለች።

«ትንሽ» አልኩ።

ሙንታሲር ጮኸ። «ምን ትንሽ! የማታየው ነው? እቴ፣ አትስሚው፣ ትሞቻለሽ!» ግን እሱ ሲጮህ ጌትነት ወደ አልጋው ሄዶ እጇን ያዘ። በሰው ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ ሚስቱን እጇን ያዛት። የሺ የተያዘ እጇን አየችው፤ ከዚያ በኋላ የማንንም ቃል የሰማች አይመስለኝም።

«ትንሽ ከሆነ ከመስቀል በኋላ እሄዳለሁ» አለች። «የተማሪዎቹ ዩኒፎርምም አላለቀም።»

በራሷ ፈርማ ወጣች። ሙንታሲር በር ላይ ቆሞ ሲለምናት እማማ ብዙወርቅ «አይዞህ ልጄ፣ አንተም ልብ ይስጥህ» ብለውት አለፉ።

ሦስት ቀን ነው የቆየችው። መተኛት ስላልቻለች ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትውል ነበር አሉ። ፔዳሉን መርገጥ ቢያቅታት የጎረቤቷን ልጅ አስረግጣ በእጇ ጨርቁን ትመራ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንድ እጅጌ ገጥማ ሁለተኛውን ስታነሣ ግንባሯን ጨርቁ ላይ ደፋች። ልጅቱ የደከማት መስሏት መርገጧን አላቆመችም። መርፌው ባዶውን ሲወጋ ቆየ።

ሰልስቷ ለት ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን ከቤት ገባሁ። ወረቀቴ ግድግዳው ላይ አለ። በላስቲኩ እንዳለ በምስማር ተመትቶ፣ ከመድኃኔዓለም ሥዕል ጎን፣ «ልቧ ደህና ነው»፣ ፊርማዬ፣ ክቡ ማኅተም። እማማ ብዙወርቅ ከሥሩ ተቀምጠዋል፤ ጌትነት ራሱን ደፍቶ ከጎናቸው።

ከዚያ ቀን በፊት ደፍሬ የማላውቀውን ደፈርኩ። «እማማ፣ ያ ወረቀት ይውረድ። ውሸት ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኩ።

እማማ ብዙወርቅ ቀስ ብለው አዩኝ።

«ያኔ ነው የዋሸኸን፣ ወይስ አሁን?»

«ያኔ። ሆስፒታል የመጣችሁ ለትም። ሁለት ጊዜ።»

«ሂድ ወዲያ!» አሉኝ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ደህና ነበረች። ልጄ ጎን እንደ ሰው ተኝታ ታድር ነበር። ያ ማሽን ሥር ካስተኛችኋት ወዲህ ነው የሞተችው። አይታችሁ ነው የገደላችኋት!»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። አብዛኛው ከእሳቸው ጋር ነው። ጌትነት ተነሣ። ወደ ግድግዳው ሄደ፤ እጁን ወደ ወረቀቱ ሲዘረጋ ሊቀደው መሰለኝ፤ እንዲቀደውም በልቤ ለመንኩ። የዘመመውን ወረቀት አቃና፣ ምስማሩን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ አጠበቀና ተመልሶ ቦታው ተቀመጠ።